«ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ነበረው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የአስተያየት ገጽ ስለ 1966ቱ አብዮት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ዘውዱን የጣሉት የጥቂት መኮንኖች ሴራና የተማሪዎች ቅስቀሳ ናቸው፣ ሕዝቡ ግን ንጉሡን ይወድ ነበር ብለዋል። ሕዝቡ ንጉሡን ይወድ እንደነበር እኔም እመሰክራለሁ፤ በተለይ በዚህ በሐረርጌ፣ ግርማዊነታቸው ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው ሐረር ባደጉበትና በወጣትነታቸው በገዙበት አገር፣ ፎቶግራፋቸው ያልተሰቀለበት ሳሎን ማግኘት ያስቸግር ነበር። በድሬዳዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ ያስተማርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ ግን ከጽሑፉ አንድ ትልቅ ሰው ጎድሎ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። የጎደለው ሰው ገበሬው ነው።

በቋንቋችን «ግብር» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ገበሬው ከምርቱና ከጉልበቱ ለጌታው የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው ጌታው አዳራሹን ከፍቶ ለወታደሩ፣ ለካህኑ፣ ለአቤት ባዩና በደጅ ለቆመው ድሃ የሚያቀርበው ማዕድ ነው። «ግብር አስገባ» ስንል ሰጠ ማለታችን ነው፤ «ግብር ገባ» ስንል ደግሞ በላ ማለታችን ነው። አንድ ቃል ሁለቱን የተሸከመው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ወደ ጎተራ የገባው እህል ቢያንስ በከፊል ተመልሶ የሚወጣበት በር ነበረው። ይህን ስል የድሮውን ሥርዓት ማወደሴ አይደለም። በጥር 1879 ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ መሬቱ በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ ለሹማምንትና ለወታደሮች ሲደለደል፣ ገበሬው በገዛ አባቱ መሬት ላይ ገባር የሆነው ተጠይቆና ተስማምቶ እንዳልነበረ ለሐረርጌ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን ባለመሬቱ ከገበሬው ጋር በአንድ አገር የሚኖር፣ ጠላት ሲመጣ ቀድሞ የሚዘምት፣ በክፉ ቀን ጎተራውን ካልከፈተ የሚታማ ሰው እስከሆነ ድረስ፣ የበላይነቱን የሚያስረዳበት አንድ ነገር በእጁ ነበረው። ዘውዱን የጣለው ልዩነት፣ ያ ግዴታ ቀርቶ ጥቅሙ ብቻውን ሲቀጥል የተፈጠረው ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ እንዴት እንደሆነ በጥቂቱ ላስረዳ። ከጣሊያን መባረር በኋላ ከ1934 ጀምሮ በወጡት አዋጆች መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ፤ ግብሩም በብር ተተምኖ ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደነገገ። የጉልበት ግብርና ገባርነት በሕግ ቀሩ። በወረቀት ሲነበብ መልካም ለውጥ ነው። ዳሩ ግን ባለርስቱ በዚያው አዋጅ የግል ባለንብረት ሆኖ ወጣ፤ ገባሩ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ከመሬቱ ሊነሣ የሚችል ጪሰኛ ሆነ፤ የመሬቱ ግብርና አሥራት በባለርስቱ ስም ቢጻፍም በተግባር ወደ ጪሰኛው ትከሻ ተሸጋገረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አራሹ ለባለመሬቱ የሚሰጠው ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ወሰነ። አንባቢ በዚህች ቁጥር ላይ ጥቂት እንዲቆም እለምናለሁ። ሕግ አውጪው ለአራሹ አዝኖ ያስቀረለት ከአራት ቁና አንዱን ነበር።

እኔ በእናቴ በኩል የጪሰኛ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ከደንገጎ አቀበት በላይ፣ በቀርሳ በኩል፣ ማሽላ ያርሱ ነበር። የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ የአውድማውን ክፍፍል በዓይኔ አይቻለሁ። የባለርስቱ ወኪል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጃንጥላ ተይዞለታል። ቁናው አንድ ነው፤ አሰፋፈሩ ግን ሁለት ዓይነት ነበር። ለባለርስቱ ሲሰፈር ቁናው እየተነቀነቀ ይሞላል፣ በእጅ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያም እህሉ በአፉ ዙሪያ እስኪንሸራተት ድረስ ይቆለላል። ለአያቴ ሲሰፈር ወኪሉ የቁናውን አፍ በክንዱ ጠረግ ያደርገዋል፤ የተጠረገው ማሽላም ተመልሶ ወደ ክምሩ ይወድቃል። ከቆሙት ሰዎች አንድም የተናገረ አልነበረም። አያቴ እያንዳንዱን ቁና በጣታቸው ይቆጥሩ እንደነበር እንጂ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም፤ እኔም የማየው እጃቸውን ነበር።

በገና ሰሞን ደግሞ መተያያውን፣ አንድ ሙክትና አንድ ገንቦ ማር ይዘን ወደ ድሬዳዋ ወረድን። ባለርስቱ የሚኖሩት ከዚራ ነበር። ከዚራ ያኔም እንደ ዛሬው መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በመስመር የተተከለ፣ የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች በፕላን ያሠሩት ሰፈር ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በእግሩ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ከበሩ ውጭ በፀሐይ ቆምን። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ወጥታ በጉንና ማሩን ተቀበለችና «ከየት መጣ ልበላቸው?» ብላ ጠየቀች። አያቴ ስማቸውን ነገሯት፤ ገብታ ተመለሰችና «ጌታው አላወቁዎትም፣ የየትኛው መሬት ነዎት?» አለቻቸው።

ስንመለስ ደቻቱ መሐል ላይ ቆሙና የነገሩኝን ዛሬም እሰማዋለሁ። «አባታቸው ያውቁን ነበር። ክፉ ሰው ነበሩ፣ ይገርፉም ነበር። ግን ባመመን ጊዜ በበቅሎ መጥተው ጠይቀውናል፣ በድርቁም ዓመት እህል አበድረውናል። እኚህ ልጅየው እኔን የሚያውቁኝ በቁና ነው» አሉኝ። ልብ ይበሉ፣ አዘጋጅ ሆይ፣ ልጅየው ከአባታቸው የከፉ አልነበሩም፤ ገርፈው አያውቁም፣ ምናልባትም የተማሩና ትሑት ሰው ነበሩ። አያቴን ያቆሰላቸው ይህ አይደለም። አባትየው ይቀበሉ የነበረውን ልጅየው ሳይቀንሱ እየተቀበሉ፣ አባትየው ይሰጡ የነበረችውን ጥቂት ነገር ግን አለመስጠታቸው ነው።

ተማሪዎቼን የፈረንሳይን አብዮት ሳስተምር ይህ የአያቴ ንግግር ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኝ ነበር። እዚያም መኳንንቱ ከየርስታቸው ለቀው በቬርሳይ በንጉሡ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር፤ አገር ማስተዳደሩን የንጉሡ ሹማምንት ወስደውታል፤ መኳንንቱ ግን ዋናውን የመሬት ግብር ከመክፈል ነፃ እንደሆኑ፣ ከገበሬው ልዩ ልዩ መዋጮ እየሰበሰቡ ቀጠሉ። የ1788 አዝመራ ሲበላሽና የዳቦ ዋጋ ሲንር፣ እ.ኤ.አ. በ1789 በጋ ገበሬዎቹ ወደ መኳንንቱ ግቢ ሲዘምቱ በብዙ ቦታ ፈልገው ያቃጠሉት መዋጮው የተጻፈበትን መዝገብ ነበር። ለእኔ ይህ ብዙ ይነግረኛል። የተራበ ሰው ጎተራ ይሰብራል፤ መዝገብ የሚያቃጥል ሰው ግን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «በምን ሥራህ ነው የምትቀበለኝ?» ነው የሚለው። በሩሲያም እ.ኤ.አ. በ1917 ነገሩ በዳቦ ሰልፍ ቢጀመርም፣ ዛሩን ያስለቀቀው ሰልፈኛውን እንዲተኩስበት የታዘዘው ወታደር ከሰልፈኛው ጎን መቆሙ ነው። ወታደሩም የገበሬ ልጅ ነበርና።

ወደ አገራችን ልመለስ። ልዩነት ብቻውን ዙፋን እንደማይጥል አውቃለሁ፤ ባለጸጋና ድሃ ጎን ለጎን እየኖሩ ዘውዳቸው እስከ ዛሬ የጸናላቸው አገሮች አሉ። እነዚያ አገሮች በደሉ በወቅቱ የሚሰማበትና በሕግ የሚስተካከልበት በር ቀስ በቀስ ስለከፈቱ ነው የጸኑት። እኛ ዘንድ በሩ ተዘግቶ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶች ተረት በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በሕግ ቋንቋ ተጻፈ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ተባለ። ፓርላማ ነበረ፤ ሆኖም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመመረጥ በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ግድ ስለነበር ጪሰኛው በዚያ አዳራሽ ወኪል አልነበረውም። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቁሞ የባለርስትንና የጪሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ሲያዘጋጅ፣ ረቂቁ ደጋግሞ ለምክር ቤት ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። ያ ረቂቅ መሬት ለአራሹ ይሰጥ የሚል እንኳ አልነበረም፤ የኪራዩን መጠን የሚገድብ፣ ጪሰኛው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይባረር የሚከላከል ልከኛ ሕግ ነበር። ተማሪዎቹ በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ፣ ጸሐፊው እንደሚሉት ከባዕድ መጽሐፍ የቀዱት ነገር አልነበረም፤ ብዙዎቹ ከየመንደራቸው ይዘውት የመጡት ነው። እኔም ብሆን ቁናውን በመጽሐፍ አላነበብኩትም።

ስለ ሴራም ቢሆን ታሪካችን ራሱ መልስ ይሰጣል። በታኅሣሥ 1953 እውነተኛ ሴራ ነበረ። ገርማሜ ንዋይ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሳሉ መሬት ለሌላቸው መሬት በማደላቸው ባላባቶች ከሰሷቸው፤ ተነሥተውም ወደዚህ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። ከዚያ ቆይታ በኋላ ነው ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከሩት። መሪ ነበራቸው፣ የክብር ዘበኛ ጦር በእጃቸው ነበር፣ ንጉሡም በውጭ አገር ጉብኝት ላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ ተሟልቶላቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። በ1966 ግን ሲጀመር መሪም፣ ዕቅድም፣ ድርጅትም አልነበረም፤ ዙፋኑ ግን ወደቀ። ሴራ ዙፋን የሚጥል ቢሆን ኖሮ መውደቅ የነበረበት በመጀመሪያው ነበር። በእነዚያ አሥራ ሦስት ዓመታት ውስጥ የተለወጠው ነገር፣ በየደረጃው ያለው ሰው የበላዩን ሲያይ «ይህ ሰው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መጠየቅ መጀመሩ ነው።

ነገሌ ቦረና ላይ በጥር 1966 የሆነውን ይመልከቱ። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ የመኮንኖቹ ግን ይሠራ ነበር። ወታደሮቹ ከመኮንኖቹ ውሃ እንዲካፈሉ ጠየቁ፣ ተከለከሉ። አመፁ የተነሣው ከዚህ ነው። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከንጉሡ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ወታደሮቹ ያን ጊዜ ስለ ዙፋን ያነሡት ነገር አልነበረም፤ አዛዣቸው የእነርሱን ውሃ እንዲቀምስ ብቻ ነበር የፈለጉት። ያ ውሃ በባለርስቱ ደጅ ከቆመው የአያቴ ሙክት የተለየ ነገር ሆኖ አይታየኝም። በየካቲትም የነዳጅ ዋጋ በአንድ ጊዜ በግማሽ ያህል ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች፣ በትምህርት ለውጡ ዕቅድ የተቆጡ መምህራንም ሥራ አቆሙ፤ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ሠራተኛው በጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተከተለ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው በአዲስ አበባ አደባባይ የእኩልነት ሰልፍ ወጡ። እንደ ድሬዳዋና እንደ ሐረር ባሉ ከተሞች፣ ዒድና ገና በአንድ ግቢ በሚከበሩበት፣ የአንደኛው በዓል ብሔራዊ ሆኖ የሌላው አለመሆኑ ምን ያህል ያቆስል እንደነበር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ደርግ የተቋቋመው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሰኔ 21 ቀን ነው። ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር ተወክለው የሄዱት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ ሲደርሱ ቤቱ ከውስጥ ተበልቶ ነበር።

የወሎን ረሃብ ሳላነሣ ብቀር ለሞቱት ሰዎች አልታመንም። ረሃቡን በኋላ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በ1965 በአገሪቱ በጠቅላላው እህል አልጠፋም ነበር፤ ደሴ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ከራሱ ከወሎም እህል ወደ ሌሎች ከተሞች ይወጣ ነበር። ሰው ያለቀው የሚገዛበት ስላጣ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከዚያ ያመጡትን ፎቶግራፍ ለማሳየት ሲሞክሩ መንግሥት ሊያፍነው ሞከረ። «ግብር» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙን ጨርሶ ያጣው ያን ጊዜ ይመስለኛል። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የረሃቡ ምስል ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ደርግ ለራሱ ዓላማ እንዳቀናበረው አልጠራጠርም። ነገር ግን ድግሱን ደርግ አልደገሰውም፣ ረሃቡንም አልፈጠረውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው እንጂ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ።

ስለ ግርማዊነታቸው ፍትሐዊ መሆን እሻለሁ። የተማርኩት እርሳቸው ባስፋፉት ትምህርት ቤት ነው፤ ያለዚያ ትምህርት ይህን ደብዳቤ መጻፍ አልችልም ነበር። በእርጅና በእስር ላይ ሳሉ ያረፉበት አኳኋን፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ የተገደሉት ሹማምንት፣ ከዚያም በቀይ ሽብር ያለቀው ወጣት ዛሬም ያመኛል፤ ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ያልተመለሱ አሉ። የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ይህን ሐዘን ይዘው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ዘውዱ የተሻለ ሆኖ ቢታያቸው አልፈርድባቸውም። ግን በኋላ የመጣው መከራ በፊት የነበረውን በደል አይሰርዘውም፤ እንዲያውም አንዱ ሌላውን እንዴት እንደወለደ መመርመር ያለብን ለዚህ ነው። ረቂቁ ሕግ በወቅቱ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ አያቴ በሕይወት ነበሩ። በሚቀጥለው አዝመራ እናቴና እኔ ቀርሳ ወጣን። ወኪሉ የለም፣ በርጩማውም የለም። አያቴ ያንኑ አሮጌ ቁና ይዘው የራሳቸውን ማሽላ ለራሳቸው መስፈር ጀመሩ። የመጀመሪያውን ቁና ሞሉና ክንዳቸው በልማድ አፉን ሊጠርግ ተነሣ፤ ከዚያ በአየር ላይ ቆመ። እጃቸውን መልሰው እህሉን ጠቀጠቁት፣ ደግሞም ቆለሉት። ብዙ ዓመት ሳይቆይ የኮታ እህል የሚሰበስብ ሌላ ሰው ሌላ መለኪያ ይዞ መጣ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ያን ቀን ግን አይቻለሁ፣ ማንም ሴራ ነበር ብሎ ሊነግረኝ አይችልም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ያን ዘመን በአውድማ፣ በባቡር ጣቢያ፣ በፋብሪካና በጦር ሰፈር ያሳለፉ ሰዎች በከዚራ፣ በመጋላ፣ በለገሐሬ፣ በሐረርም ጀጎል ውስጥ ዛሬም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ባለፈው ክረምት ብቻ ሦስቱን ቀብረናል። የጪሰኛውም የባለርስቱም ልጆች ይገኙባቸዋል፤ አብረው ሰላት የሚሰግዱ፣ አብረው ቅዳሴ የሚያስቀድሱም አሉ። ጋዜጣችሁ ስለ 1966 ዳግመኛ ከመጻፉ በፊት አንድ ዘጋቢ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ወደ ድሬዳዋ እንዲመጣ ቢያደርግ፣ ከቤት ወደ ቤት ይዤው ለመዞር ዝግጁ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ሙቀቱ በረድ ስለሚል ለሽማግሌዎቹ የሚመቸው ያ ጊዜ ነው። ቁናውም በእኔ ቤት አለ፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ከፈለገ አሳየዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ድሬዳዋ